እሳት ፊት ደረሰኝ አይጠየቅም፦ የሳውዝ ፉልተን ጉዳይና የእኛ ዕድር

ባለፈው እሁድ ዕድራችን ተሰብስቦ ነበር። ሰፈራችን ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው። ግማሹ የከተማ ቤት ነው። ግማሹ ግቢ ውስጥ ደግሞ አሁንም የገለባ ክምርና የኩበት ቁልል አለ። አጀንዳው አንድ ነበር። አንድ ሮቶ፣ አንድ የውሃ ሞተርና ረጅም ጎማ ገዝተን ለእሳት እናስቀምጥ ወይ የሚል።

በመግዛቱ ሁሉም ተስማማ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። በጋ ላይ ንፋሱ እንዴት እንደሚነፍስ ለሰፈራችን ሰው አይነገርም። የእሳት አደጋ መኪና ቢጠራም እኛ ጋ የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ክርክሩ የመጣው ዋጋው ሲነሳ ነው። በየቤቱ ይዋጣ ተባለ። አንድ ጋሼ ተነሡና «ያላዋጣስ?» አሉ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ፈጠን ብሎ መለሰ። «ያላዋጣማ ቤቱ ሲቃጠል አይነካለትም፣ ጋሼ። እንዲህ ካልሆነ ማን ያዋጣል?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም መጀመሪያ ልክ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ያነበብኩት ጉዳይ ትዝ አለኝ። ይህን ደንብ አንድ የአሜሪካ ከተማ ለ20 ዓመት ያህል ሠርታበታለች። ምን እንዳመጣባትም ታይቷል። ነገሩን ስናገር የዕድሩ ዳኛ «እንግዲያው ጽፈህ አምጣልን» አሉኝ። የጻፍኩት ይኸው ነው። ሌላም ዕድር፣ ሌላም ቀበሌ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ እዚህ አስቀመጥኩት።

የሆነው ነገር

ሳውዝ ፉልተን በቴነሲ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ የኬንታኪ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕዝቧ 2,400 አይሞላም ነበር። ኦቢዮን በሚባል ካውንቲ ውስጥ ነው ያለችው። ካውንቲ በእኛ ወረዳ እንደማለት ነው። በኦቢዮን ከ30,000 በላይ ሰው ይኖራል። አብዛኛው ቦታ የእርሻ አገር ነው።

የከተማዋ ነዋሪ ለከተማዋ ግብር ይከፍላል። የእሳት አደጋ ጣቢያዋም በዚያ ይተዳደራል። ካውንቲው ግን ለገጠሩ ሕዝብ የራሱ የእሳት አደጋ አገልግሎት አልነበረውም። ስለዚህ ከተማዋ አንድ መላ ዘየደች። ከክልሏ ውጭ ያለ ሰው በዓመት 75 ዶላር ከከፈለ መኪናው ይመጣለታል። ካልከፈለ አይመጣለትም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ክፍያ አይታይም።

75 ዶላር በወር ሲታሰብ 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ለብዙው ቤተሰብ የሚያቅት ገንዘብ አይደለም። ግን ግብር አልነበረም። አስታውሶ የከፈለ ከፈለ፤ የረሳ፣ ያጣ ወይም «እኔን አይደርስብኝም» ያለ ሳይከፍል ቀረ።

ቀኑ መስከረም 19 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 29፣ 2010። እኛ መስቀልን ካከበርን ገና ሁለት ቀናችን ነበር። ከከተማዋ ክልል ውጭ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የባለቤቱ የልጅ ልጅ በበርሜል ቆሻሻ ያቃጥል ነበር። እኛም ጓሯችን የምናደርገው ነገር ነው። እሳቱ ከበርሜሉ አመለጠ። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወደ መኖሪያ ቤቱ ዞረ። ቤተሰቡ አትክልት በሚያጠጣበት ጎማ ሊያጠፋ ታገለ። ወደ 911፣ ወደ አሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ተደወለ። መልሱ ስማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ የለም የሚል ሆነ። ባለቤቱ የዚያን ዓመት 75 ዶላር አልከፈሉም ነበር። ረስቼው ነው አሉ። የፈለጋችሁትን ያህል ልክፈል፣ ብቻ ኑልኝ ብለው ለመኑ። ማንም አልመጣም።

በዚህ መሃል እሳቱ ወደ ጎረቤት ማሳ ተሻገረ። ጎረቤትየው ከፍለዋል። እሳቸው ሲደውሉ መኪናው መጣ። ሠራተኞቹ ጎማቸውን ዘርግተው በአጥሩ በኩል የጎረቤቱን ማሳ አጠፉ። ከአጥሩ ወዲያ የሚነደውን ቤት ግን አልነኩትም። ባለቤቱ እዚያው ቆመው እያዩ ቤታቸው አለቀ። ሦስት ውሾችና አንዲት ድመት ውስጥ ቀሩ። ሰው አልሞተም።

በዚያው ቀን የባለቤቱ ልጅ ጣቢያው ድረስ ሄዶ የእሳት አደጋ ኃላፊውን መታ ተብሎ ታሰረ። ነገሩ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ሁሉ ወጣ። አሜሪካኖች ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር የከተማዋን ውሳኔ በግልጽ አወገዘ። ከንቲባው ግን ደንቡን ደግፈው ቆሙ። አገልግሎቱን አቅርበንላቸዋል፤ ወይ ይቀበሉታል ወይ ይተዉታል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር።

ከዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011፣ በዚያው አካባቢ ሌላ ያልከፈለ ቤተሰብ ቤት ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አሁንም ቆመው አዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከተማዋ ደንቡን ቀየረች። ከዚያ በኋላ የከፈለም ያልከፈለም ሲጠራ ይደረስለት ጀመር። ያልከፈለው ግን ለአንድ ጥሪ 3,500 ዶላር የሚጠየቅ ሆነ።

የከተማዋ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም

ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያ ጎልማሳ እሁድ ዕለት የተናገረው ከእነሱ ክርክር ጋር አንድ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም።

እንዲህ ይላሉ። ቤትህ ሲነድ 75 ዶላር ከፍለህ የምትድን ከሆነ አስቀድሞ የሚከፍል ሞኝ ማን ነው? መኪናህ ከተጋጨ በኋላ ኢንሹራንስ እንደመግባት ነው። ሁሉም እስኪቃጠል ይጠብቃል። የሚቃጠለው በዓመት ጥቂት ቤት ነው። ከጥቂት ቤት በሚሰበሰብ ገንዘብ ደግሞ መኪና አይገዛም፣ ሠራተኛ አይቀጠርም፣ ጎማ አይቀየርም። በኋላ አስከፍላለሁ ብትልም የከተማዋ ሥልጣን ከክልሏ ውጭ አይሠራም። ገጠሬው አልከፍልም ቢል ምን ታደርገዋለህ?

በዕድር ያለፈ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ውዝፍ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ ጫማዬ ይመስክር። ደጅ ላይ ቆመህ «የሉም» የምትባልበት ቤት ከውስጥ ሳል ይሰማል። በወሩ የሚከፍለው ሰው ደግሞ አይቶ አይቶ «እኔስ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ስለዚህ መዋጮ ያለ ግዴታ ይሠራል የሚል ሰው እኔን አያሳምነኝም።

ጥያቄው ግዴታው የት ላይ ይደረግ ነው።

አጥሩ

ያቺን አጥር ልብ በሉልኝ። ጉዳዩን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

መኪናው መጥቷል። ነዳጁ ተቃጥሏል። ሠራተኞቹ ልብሳቸውን ለብሰው ጎማ ይዘዋል። ከተማዋ ለዚያ ጉዞ የምታወጣው ወጪ ከሞላ ጎደል ወጥቷል። ጎማውን ጥቂት ሜትር ወደ ግራ ማዞር የሚጨምረው ውሃ ነው። ቤቱን በመተው ያን ቀን ለከተማዋ የተረፈ ገንዘብ የለም። የተረፈው ማስፈራሪያው ነው።

ሌላም አለ። የከፈሉት ጎረቤት ምን አገኙ? ማሳቸው እሳት ገባበት። መኪናው በመጀመሪያው ጥሪ፣ እሳቱ ገና በርሜሉ አጠገብ ሳለ ቢመጣ ኖሮ እሳቸው ጋ የሚሻገር ነገር አይኖርም ነበር። 75 ዶላራቸውን በሰዓቱ ከፍለውም የሌላ ሰው አለመክፈል አጥራቸውን ዘሎ መጣባቸው። ደንቡ የወጣው ከፋዩን ከማይከፍለው ለመጠበቅ ነበር። መጀመሪያ የጎዳው ከፋዩን ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁትን እሳት እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገብስ አገር ነው። ጥር ነበር፤ ውድማ ላይ ያለው ገለባ ክው ብሎ ደርቋል። ከሰዓት በኋላ «የሰው ያለህ! ያገር ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰማን። የአንድ ቤት የገለባ ክምር ተያይዟል። ከክምሩ እስከ ሣር ቤቱ አሥር እርምጃ አይሆንም።

ማንም ሥራ ሳያከፋፍል ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ከምንጭ ይመላለሳሉ። ወንዶቹ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ገንጥለው የሚነደውን ሣር ይመታሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ተረት ቃል በቃል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ጎረምሶች ጣሪያው ላይ ወጥተው በክምሩ በኩል ያለውን ክዳን በማጭድ እየገፈፉ ይወረውራሉ። አንድ አዛውንት ደግሞ እርጥብ ጆንያ ይዘው በክምሩና በቤቱ መሃል ቆመዋል። ንፋሱ ብልጭታ ባመጣ ቁጥር ጆንያቸውን ያሳርፉበታል። የጋቢያቸው ጫፍ ጠቁሮ ይጨስ ነበር፤ አላዩትም። ክምሩ ነደደ፤ ቤቱ ተረፈ።

በኋላ እናቴ ነገረችኝ። እኚያ አዛውንት ከባለቤቱ ጋር በድንበር ተካሰው ነበር፤ ሰላምታም የላቸውም። ለምን መጡ ብዬ ጠየቅኳት። «ንፋሱ ወደ ማን ቤት ይነፍስ ነበር?» አለችኝ። በንፋሱ በኩል ቀጥሎ ያለው ቤት የአዛውንቱ ነበር።

ስለ ደግነት ብቻ ብናወራ ክርክሩን እንሸነፋለን። አዛውንቱ ደግ ሰው ነበሩ ይሆናል። ግን ባይሆኑም መምጣት ነበረባቸው። ያ እሳት የጎረቤት ሳይሆን የራሳቸው ነበር፤ ገና አልደረሰም እንጂ።

ሣርና እሳት አንድ አይደሉም

«ታዲያ ያላዋጣን ሰው ከምንም ነገር መከልከል አይቻልም?» ይባል ይሆናል። ይቻላል። የራሳችን አገር ምሳሌ አለው። መንዝ ውስጥ ጓሳን እንውሰድ። ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለበት። ድሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለ መብቱ ሕዝብ ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፍተዋል፤ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። መብት የሌለው አያጭድም። ሥርዓቱ ለዘመናት ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው የፈረሰው።

ያ ክልከላ ይሠራ የነበረው ለምን ይመስላችኋል? መብት የሌለውን ሰው ሣር ብትከለክለው ባለ መብቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ሣሩ ይበዛለታል። እሳት ላይ ይህ ይገለበጣል። ለጎረቤትህ የከለከልከው ውሃ ያንተን ቤት ያቃጥላል። ለሣር የሚሆን ደንብ ለእሳት አይሆንም። የሳውዝ ፉልተን ስህተት የገንዘብ አይመስለኝም፤ ውሃን እንደ ሣር መቁጠራቸው ነው።

በእኛ ሰፈር ነገሩ ይብሳል። ቤቶቻችን በአጥር እንጂ በማሳ አይለያዩም። ደግሞ ያላዋጣው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ትሆናለች። በመዋጮ ወር እጇ ባዶ ይሆናል። እሳት ግን ከቤቷ አይጠፋም፤ ጠዋት የለኮሰችው ማታም ከጋኑ ሥር ይነድዳል። እሳት ሊነሣ የሚችልበትን ቤት ለይተን «እዚህ ሞተር አይገባም» ብለን ልንጽፍ ነው ማለት ነው። ይህን እሁድ ዕለት ስናገር እዚያ የነበሩት እትዬዎች ዝም አሉ። የማን ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ጥፋቱ የማን ነው?

በብዙ ክርክር ላይ ጥፋቱ ጎማ ይዘው በቆሙት ሠራተኞች ላይ ወደቀ። እኔ እነሱን አልኮንንም። ያን ቀን የታዘዙበትን ደንብ ያወጡት እነሱ አይደሉም። ባለቤቱንም «ለ75 ዶላር ብለው» እያሉ መስደብ አይገባም። መርሳት የሰው ነው።

ጥፋቱን የማየው ከዚያ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካውንቲው ያሉ ከተሞች የእሳት አደጋ ጣቢያዎች በጋራ አንድ ጥናት ለካውንቲው ምክር ቤት አቅርበው ነበር። ለመላው ካውንቲ በግብር የሚተዳደር አገልግሎት ይቋቋም የሚል። ያ ሆኖ ቢሆን ሁሉም ቤት ጥቂት ጥቂት ይከፍል ነበር። በዚያች ቀን ዝርዝር የሚያይ ሰው አያስፈልግም ነበር። አልሆነም። ግብር መጨመር ማንም አይወድም። ግብሩን ሳይደፍሩ ቀሩና ውሳኔውን ስልክ ለሚያነሣ ሰው አሸጋገሩት። የምክር ቤት ሥራ በእሳት ፊት፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በአንድ ዝርዝር ተወሰነ።

የሚገርመኝ ደግሞ ደንቡ ራሱ ቀድሞ ተጥሶ መቆየቱ ነው። ከዚያ ቃጠሎ በፊት በነበረ ሌላ ጊዜ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ቤት ጭስ ማውጫው ተያይዞ ነበር። ክፍያው አልተከፈለም ነበር፤ ግን መጡለት፣ በኋላ ከፈለ። ስለዚህ ባለቤቱ «ብለምናቸው ይመጣሉ፣ ነገ እከፍላለሁ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ለአንዱ የሚላላ፣ ለአንዱ የሚጠብቅ ደንብ ሰው አያስተምርም፤ ቂም ነው የሚተክለው።

የ2012ቱ ለውጥ ከቀድሞው እጅግ ይሻላል። መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ጠይቅ ይላል። ግን 3,500 ዶላር የ47 ዓመት ያህል መዋጮ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ይህን ያህል ዕዳ የሚፈራ ሰው ቶሎ አይደውልም። «እስቲ መጀመሪያ ራሴ ልሞክር» ይላል። እሳት ደግሞ የሚጠፋው በዚያች በመጀመሪያዋ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ የእሳት አደጋ ስልኩ 939 በነፃ የሚደወለው ማንም ስልኩን ለማንሳት እንዳያመነታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው እንዲደውል የማይፈልግ የእሳት ደንብ ሊኖር አይገባም።

ዕድራችን ያውቀዋል

መልሱን ለማግኘት ቴነሲ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል የሚል ደንብ አለን። ከጥቂት ዓመት በፊት ስማቸው የተሰረዘ አንድ ጎረቤት አረፉ። ማለዳ ጥሩምባ ነፊው ዳኛው ደጅ መጥቶ «ልንፋ ወይስ ልተው?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ነጠላቸውን እያጣፉ «ንፋ እንጂ! ሬሳ ይጠብቃል እንዴ?» አሉት። ድንኳኑ ተተከለ። መቃብር ተቆፈረ። ከአርባው በኋላ ልጆቹ ተጠሩ፤ ውዝፉ ተነገራቸው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያሉ ከፍለው ጨረሱ። ያን ጊዜ መክፈል ያቆመ ሰው በሰፈሩ አላየሁም። «እነሱ ሳይከፍሉ ተቀበሩ» ብሎ መዋጮ የተወ የለም። ገንዘብ ያዡ እኔ ስለነበርኩ መዝገቡን አውቀዋለሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ያዘጋጀሁት የደንብ ሐሳብ ከዚህ የተቀዳ ነው። የእሳት መዋጮ ለብቻው አይሰበሰብም። በወር መዋጮው ላይ ተጨምሮ አብሮ ይከፈላል፤ እንዲህ ከሆነ የሚረሳ አይኖርም፤ «እኔ ለእሳቱ አልፈልግም» የሚባል ነገርም አይኖርም። እሳት ሲነሣ አባል ነው አይደለም፣ ከፍሏል አልከፈለም አይጠየቅም፤ መዝገቡም ከሳጥኑ አይወጣም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ አባል ያልሆነው ሰው ይጠራል። የነዳጁንና የአንድ ዓመት መዋጮ ይጠየቃል፤ ከዚያ አይበልጥም፤ መጠኑም ከአሁኑ ለሰፈሩ ሁሉ ይነገራል። ቤቱ የወደመበት ሰው ግን ምንም አይጠየቅም። ለእሱ እኛ ነን የምናዋጣለት።

ጽሑፉን አስቀድሜ ለዳኛው አንብቤላቸዋለሁ። ያንንም ጎልማሳ ቤቱ ሄጄ አነጋገርኩት። ስለ አጥሩ ስነግረው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ የፈራሁት እንዳይቀልዱብን ነው» አለኝ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መዋጮው ግዴታ ይሁን ያልነው። ተስማማን። እሱም አንድ ያላሰብኩትን ነገር አነሣ። ሞተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚያድረው? እንደ ወንበሩና ድስቱ ገንዘብ ያዥ ጋ ከሆነ፣ ገንዘብ ያዡ ሌሊት ላይ እስኪነቃ ስንት ቤት ይሄዳል?

ሁለት ቁልፍ እንዲቀረጽ ተነጋገርን። አንዱ ዳኛው ጋ ይሆናል። ሌላው ጥሩምባ ነፊው ጋ ያድራል። ቤቱ ከመንገዱ አፍ ላይ ነው፣ እንቅልፉም ቀላል ነው።